የቨርቹዋል ማሽን አድራሻ ታሪክ፤ ከእጅ መዝገብ እስከ ግል ክላውድ

የፖስታ ሣጥን ቍጥሩ በየጊዜው የሚለዋወጥበት ሰው ደብዳቤው አይደርሰውም። በግል ክላውድ ውስጥ የሚሠራ ቨርቹዋል ማሽንም እንዲሁ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሌላ አይፒ አድራሻ ይዞ ቢነሣ፥ ማሽኑ በደኅና እየሠራ ሳለ ፈላጊዎቹ ኹሉ ጠፋ ይሉታል። አድራሻው የሚታመን እንዲሆን የተሄደበትን መንገድ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር እንሞክራለን። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1981 በወጣው ደንብ አይፒ አድራሻ ባለ 32 ቢት ቍጥር ሆነ፤ አርፓኔት የተባለው የአሜሪካ ኔትወርክም በ1983 መጀመሪያ ወደዚሁ ሥርዐት ተዛወረ። አድራሻውን በየማሽኑ ላይ የሚጽፈው ሰው ነበር። ነገር ግን ዲስክ የሌለው ማሽን የሚያስቀምጥበት ስፍራ ስላልነበረው፥ በ1984 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ራርፕ የተባለውን ደንብ አወጡ። ይኸውም ማሽኑ የኔትወርክ ካርዱን መለያ፥ ማክ አድራሻውን፥ ተናግሮ አይፒ አድራሻውን የሚጠይቅበት ነው። ጥያቄው ከራውተር ወዲያ አይሻገርም ነበርና፥ በ1985 ቢል ክሮፍትና ጆን ጊልሞር ይህን የሚያሻግረውን ቡትፒን ጻፉ። ኾኖም መዝገቡን የሚሞላው አሁንም የሰው እጅ ነበር።

በ1993 የባክኔል ዩኒቨርሲቲው ራልፍ ድሮምስ የጻፈው ዲኤችሲፒ አድራሻን በኪራይ መስጠት አስጀመረ። ማሽኑ የኪራዩ ዘመን እኩሌታ ሲደርስ እንዲታደስለት ይጠይቃል፤ ዘመኑ ካለፈ ግን አድራሻውን መልቀቅ ግዴታው ነው። በ1994 ደግሞ ለግል ኔትወርክ የሚሆኑ ቍጥሮች ተለዩ፤ ከነዚህም በ10 የሚጀምረው ክፍል ብቻ 16,777,216 አድራሻ ይዟል። ስለዚህ የግል ክላውድ ችግር የቍጥር እጥረት ሳይሆን የሥርዐት ጕዳይ ነው ማለት እንችላለን።

ቨርቹዋል ማሽን በ1960ዎቹ በአይቢኤም ትልልቅ ኮምፒዩተሮች ላይ የተጀመረ ሲሆን፥ ከ1999 ወዲህ በቪኤምዌር አማካይነት ወደ ተራው ኮምፒዩተር ወረደ። የዚህ ማሽን ካርድ በፕሮግራም የተሠራ ስለ ሆነ ማክ አድራሻውም እንዲሁ በፕሮግራም የተሰጠ ነው። ከአንድ ናሙና ብዙ ማሽኖች ሲገለበጡ መለያቸው አብሮ ከተገለበጠ፥ ዲኤችሲፒ ሰርቨሩ ሁለቱን እንደ አንድ ቈጥሮ አንድ አድራሻ ይሰጣቸዋል። በዚህ ጊዜ ጥፋቱ የሰጪው ሳይሆን አንድ ስም ይዘው የቀረቡት የሁለቱ ነው።

በ2010 ናሳና ራክስፔስ ያስጀመሩት ኦፕንስታክ መፍትሔውን ከመዝገቡ ፈለገ። ማሽኑ ከመነሣቱ አስቀድሞ ማክ አድራሻውና አይፒ አድራሻው በዳታቤዝ አብረው ይጻፋሉ፤ ዲኤችሲፒ ሰርቨሩም በዚሁ መዝገብ መሠረት ይመልሳል። ማሽኑ አጥፍተው ቢያስነሡትም አድራሻው ያው ነው።

እንግዲህ መንገዱ ዞሮ ወደ ቡትፒ መዝገብ መመለሱን እናያለን፤ ልዩነቱ ጸሓፊው ፕሮግራም መሆኑ ነው። በእኛ አስተያየት አድራሻን የሚያስተማምነው የኪራዩ ርዝመት ሳይሆን የመዝገቡ ባለቤት አንድ መሆኑ ነው። አስተዳዳሪው ዲኤችሲፒ ከሚያድለው ክፍል ውስጥ አንዱን ቍጥር ለብቻው በማሽን ላይ ቢጽፍ፥ ሁለት ጸሓፊዎች ሆኑና ግጭት ይመጣል። በእጅ የሚሰጥ አድራሻ ካለም ከዚያ ክፍል ውጭ ይሁን። በዚህ አሳባችን ጕድለት ቢገኝ አንባቢዎች እንዲያርሙን እንለምናለን።