የጌም ኮንሶል የኢንተርኔት ግንኙነት ችግሮች

የጌም ኮንሶል የኢንተርኔት ግንኙነት ችግር የሚባለው እንደ ፕሌይስቴሽን፣ ኤክስቦክስና ኒንቴንዶ ስዊች ያሉ የጨዋታ መሣሪያዎች ከቤት ሆነው ኢንተርኔት መግባት ሲያቅታቸው፣ ግንኙነታቸው ሲቆራረጥ ወይም ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር መገጣጠም ሳይችሉ ሲቀሩ ነው። የችግሩ መነሻ ከአራት ቦታዎች በአንዱ ይገኛል፦ በኮንሶሉ፣ በቤት ውስጥ ኔትወርክ፣ በቴሌኮም መስመሩ ወይም በጨዋታው ኩባንያ ሰርቨር። የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ቅንብር መቀያየር ጊዜና ዳታ ያባክናል።

በኢትዮጵያ፣ በተለይም እንደ ነገሌ ቦረና፣ ያቤሎ፣ ሞያሌና ዶሎ ኦዶ ባሉ የደቡብ ከተሞች፣ ብዙ ሰው ኢንተርኔት የሚያገኘው በሞባይል ኔትወርክ ነው። ኮንሶሉም የሚገናኘው በስልክ ሆትስፖት ወይም ሲም ካርድ በሚወስድ የ4ጂ ራውተር ነው። በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ እስከ ቤት የተዘረጋ የፋይበር ወይም የኬብል መስመር ላለው ሰው የታሰቡ ናቸው። ከሚሰጧቸው ምክሮች አንዳንዶቹ በሞባይል መስመር ላይ የማይሠሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ግንኙነቱ የሚያልፍበት መንገድ

ነገሌ ውስጥ ከተከፈተ ኮንሶል የሚወጣ መልእክት በመጀመሪያ በዋይፋይ ወደ ስልኩ ወይም ወደ ራውተሩ ይሄዳል። ከዚያ በሬዲዮ ሞገድ ወደ ቴሌኮም ማማ፣ ከማማው ወደ አገሪቱ ዋና መስመር ይገባል። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር እንደ ጅቡቲና ኬንያ ባሉ ጎረቤት አገሮች አልፎ ከባሕር ሥር ከተዘረጉ የፋይበር ገመዶች ጋር ይገናኛል። መልእክቱ የጨዋታው ሰርቨር ዘንድ ደርሶ መልሱ በተመሳሳይ መንገድ ይመለሳል። ጨዋታው ሳይቆራረጥ የሚሄደው ይህ ደርሶ መልስ በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ ያለ እንቅፋት ሲከናወን ነው።

የምርመራ ቅደም ተከተል

ፕሌይስቴሽን በቅንብሩ ውስጥ የኢንተርኔት ግንኙነት መፈተሻ አለው። ፈተናው ውጤቱን በቅደም ተከተል ስለሚያሳይ የቆመበት መስመር የችግሩን ቦታ ይጠቁማል።

• ኮንሶሉ የአይፒ አድራሻ ካላገኘ ችግሩ ያለው በኮንሶሉና በራውተሩ መካከል ነው። የይለፍ ቃል፣ የዋይፋይ ዓይነትና የሲግናል ጥንካሬ ይታያሉ።
• አድራሻ አግኝቶ ኢንተርኔት ካልገባ የዳታ ጥቅሉ አለማለቁ፣ የማማው ሲግናልና የዲኤንኤስ ቅንብር ይታያሉ።
• ኢንተርኔት ገብቶ ወደ ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ መግባት ካቃተው የኮንሶሉ ሰዓትና ቀን፣ ሶፍትዌሩ፣ አካውንቱ ወይም የኩባንያው ሰርቨር ይመረመራል።
• ሁሉም አልፎ ከጓደኛ ጋር መጫወት ካልተቻለ የናት ዓይነት ይታያል።

ኤክስቦክስና ስዊችም ተመሳሳይ መፈተሻ አላቸው። ሌላው ቀላል ዘዴ ያንኑ ዋይፋይ በሌላ ስልክ መሞከር ነው። ስልኩ ድረ ገጽ ከከፈተ መስመሩ ደህና ስለሆነ ትኩረቱ ወደ ኮንሶሉ ይዞራል። ስልኩም ካልከፈተ የኮንሶሉን ቅንብር መነካካት ትርጉም የለውም።

በኮንሶሉ ላይ የሚታዩ ችግሮች

ቀንና ሰዓት። ኮንሶሉ ከሰርቨር ጋር ሲገናኝ የሰርቨሩን የደህንነት ሰርተፍኬት ይመረምራል። ሰርተፍኬቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። በኢትዮጵያ ይህ የተለየ ስህተት ይፈጥራል፤ ቀኑን በእጅ የሚሞላ ሰው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ካስገባው ኮንሶሉ ዘመኑን በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ ስለሚያነበው ሰርተፍኬቱ ገና ያልጀመረ ይመስለዋል፤ ግንኙነቱንም አይቀበልም። ሰዓቱም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከተሞላ 6 ሰዓት ይዛነፋል። መፍትሔው ቀኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሙላትና የሰዓት ክልሉን ከናይሮቢ ጋር አንድ ማድረግ ነው።

የሲስተም ሶፍትዌር። ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ ለመግባት ኮንሶሉ አዲሱን የሲስተም ሶፍትዌር ይፈልጋል። ሁለተኛ እጅ የተገዛ ኮንሶል ያለ ፈቃድ የተቀዱ ጨዋታዎችን ለማስኬድ ተቀይሮ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በአሮጌ ሶፍትዌር ላይ የቆመ ነው። እንዲህ ያለው ኮንሶል ኩባንያው አግዶት ሊሆንም ስለሚችል ከመግዛት በፊት ኦንላይን መግባቱን መሞከር ይመከራል።

አካውንት። ኢትዮጵያ በፕሌይስቴሽን ኔትወርክ የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች አካውንቶች የሚከፈቱት በሌላ አገር ስም ነው። ከዚህም በላይ ብዙ የሚሸጡ ጨዋታዎችን በፕሌይስቴሽን 4 እና 5 ኦንላይን ለመጫወት የፕሌይስቴሽን ፕላስ ክፍያ ያስፈልጋል። በነፃ የሚሰጡ ጨዋታዎች በአብዛኛው ይህን አይጠይቁም። ስለዚህ አንዱ ጨዋታ ኦንላይን ሲሠራ ሌላው እምቢ ካለ ምክንያቱ መስመሩ ሳይሆን ክፍያው ሊሆን ይችላል።

በቤት ውስጥ ኔትወርክ

ዋይፋይ በሁለት ዋና ድግግሞሾች ይሠራል፦ 2.4 ጊጋኸርዝና 5 ጊጋኸርዝ። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 የሚያውቀው 2.4ን ብቻ ነው። በ2016 የወጡት ስሊምና ፕሮ ግን ሁለቱንም ያውቃሉ። የስልኩ ሆትስፖት 5 ጊጋኸርዝ ላይ ከተደረገ የመጀመሪያው ሞዴል ስሙን እንኳ በዝርዝሩ ላይ አያገኘውም። ዘመናዊ ስልኮች ሆትስፖቱን በደብልዩፒኤ3 ብቻ ሲቆልፉም ፕሌይስቴሽን 4 መግባት ያቅተዋል፤ ወደ ደብልዩፒኤ2 መመለስ ይበቃል። አንዳንድ ስልኮች ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ ማንም ካልተጠቀመ ሆትስፖቱን ራሳቸው ይዘጋሉ። ይህን ከሆትስፖት ቅንብር ማጥፋት ይቻላል።

የቆርቆሮ ጣሪያና ግድግዳ የሬዲዮ ሞገድን ያዳክማል። የ4ጂ ራውተርን ከቴሌቪዥን ጀርባ ከማስቀመጥ ማማው በሚገኝበት አቅጣጫ መስኮት አጠገብ፣ ከፀሐይ ተከልሎ ማስቀመጥ ይሻላል። ራውተሩ የገመድ መሰኪያ ካለው ኮንሶሉን በኔትወርክ ገመድ ማገናኘት በዋይፋይ የሚመጣውን መቆራረጥ ያስቀራል። እንደ ሞያሌ ባሉ የድንበር ከተሞች ስልክ የጎረቤት አገርን ኔትወርክ ሊይዝ ስለሚችል የኔትወርክ ምርጫውን በእጅ በአገር ውስጥ አገልግሎት ሰጪ ላይ ማድረግና ሮሚንግ መዝጋት ያስፈልጋል።

የጋራ አይፒ አድራሻና የናት ዓይነት

የአራተኛው ትውልድ አይፒ አድራሻዎች ብዛት 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ስለሆነ ለሁሉም መሣሪያ አይደርሱም። በዚህ ምክንያት የሞባይል ኔትወርኮች ብዙ ደንበኞችን በአንድ የውጭ አድራሻ ጀርባ ያስቀምጣሉ። ይህ አሠራር ናት ይባላል። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄድ ጥያቄ ያልፋል፤ ከውጭ በራሱ የሚመጣ ጥሪ ግን የትኛው ደንበኛ ዘንድ እንደሚሄድ ስለማይታወቅ ይቀራል።

ኮንሶሎች ይህን በደረጃ ያሳያሉ። በፕሌይስቴሽን ዓይነት 1፣ 2 እና 3 ሲባል 3 በጣም የተዘጋው ነው። በኤክስቦክስ ክፍት፣ መካከለኛና ጥብቅ ይባላል። ጨዋታው በኩባንያው ሰርቨር ላይ የሚካሄድ ከሆነ ጥብቅ ናትም ቢሆን ብዙ ጊዜ አያስቸግርም። ጨዋታው ሁለት ኮንሶሎችን በቀጥታ የሚያገናኝ ከሆነ ግን ሁለት ጥብቅ ናት ያላቸው ተጫዋቾች አይገናኙም። በነገሌ አንድ ሰፈር የሚኖሩ ሁለት ጓደኛሞች እርስ በርስ መጫወት እያቃታቸው፣ እያንዳንዳቸው ውጭ አገር ካለ ክፍት ናት ካለው ሰው ጋር ያለ ችግር የሚጫወቱት ለዚህ ነው።

በጋራ አድራሻ ጀርባ መሆንን ለማወቅ በስልኩ ወይም በራውተሩ ቅንብር የሚታየውን አይፒ አድራሻ፣ አድራሻን ከሚያሳዩ ድረ ገጾች ከሚገኘው ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ሁለቱ ከተለያዩ፣ በተለይም የመጀመሪያው በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ቁጥር ከጀመረ፣ አድራሻው የጋራ ነው። በዚህ ጊዜ ፖርት መክፈት ወይም ዩፒኤንፒ ማብራት ውጤት የለውም፤ የተዘጋው በር ያለው በቤቱ ሳይሆን በአገልግሎት ሰጪው ዘንድ ነው። የራሱ የውጭ አድራሻ ያለው ቋሚ መስመር የሚጠቀም ሰው ግን በራውተሩ ላይ ለኤክስቦክስ ዩዲፒ 3074፣ ለፕሌይስቴሽን ዩዲፒ 3478 እና 3479 በመክፈት ናቱን ሊያሻሽል ይችላል።

ርቀትና መዘግየት

ፒንግ የሚባለው መልእክት ሰርቨር ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ሲሆን በሚሊሰከንድ ይለካል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ እያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር ለደርሶ መልስ 10 ሚሊሰከንድ ያስከፍላል። ከአዲስ አበባ ጆሃንስበርግ በቀጥታ መስመር 4,000 ኪሎ ሜትር፣ ፍራንክፈርት ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ስለዚህ ከ40 እስከ 50 ሚሊሰከንድ ማንም ሊቀንሰው የማይችል ነው። ገመዱ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድና በየመሣሪያው ስለሚዘገይ እውነተኛው ፒንግ ከዚህ በብዙ ይበልጣል።

ነገሌ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ይህ ርቀት በፋይበር የሚጨምረው 6 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ጨዋታው በከተማዋ ሲንቀራፈፍ ዋናው ምክንያት የከተማዋ ርቀት ሳይሆን ደካማ ሲግናል ወይም የማማው መጨናነቅ ነው። ይህን ለመለየት ፒንጉን ከምሽቱ 2 ሰዓትና ከንጋቱ 11 ሰዓት ለክቶ ማወዳደር ይበቃል። በንጋት ብዙ ከተሻሻለ ችግሩ መጨናነቅ ነው። ቪፒኤን አንዳንድ ጊዜ መንገዱን ቢቀይርም በአብዛኛው ርቀት ስለሚጨምር መዘግየትን አይቀንስም።

ከቤት ውጭ የሚመጡ መቋረጦች

አንዳንዴ ቤት ውስጥ ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ በሚያዝያ 2011 እ.ኤ.አ. በደረሰበት የመረጃ ጥቃት ለ3 ሳምንታት ያህል በመላው ዓለም ተዘግቶ ነበር፤ በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለአንድ ቀን ገደማ ተቋርጧል። በኢትዮጵያም ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ የተቋረጠው ኢንተርኔት ለ3 ሳምንታት ያህል ሳይመለስ ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ኮንሶሉን ወደ ፋብሪካ ቅንብር መመለስ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ የተቀመጡ ጨዋታዎች ሊጠፉ ይችላሉ። ከኮንሶሉ በፊት የኩባንያዎቹን የአገልግሎት ሁኔታ ገጽ በስልክ ማየት ይገባል። ለመስመር ችግር ኢትዮ ቴሌኮም በ994፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ700 ይጠየቃሉ።

መብራት ሲጠፋም ቅደም ተከተሉ ይረዳል። መብራት እንደተመለሰ ራውተሩ አስቀድሞ ይበራል፤ ኢንተርኔት መያዙ ከታወቀ በኋላ ኮንሶሉ ይከተላል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ኮንሶሉን በእረፍት ሁኔታ ከመተው ሙሉ በሙሉ ማጥፋት፣ አፕዴት እየተጫነ ሳለም መብራት እንዳይጠፋ መጠንቀቅ የውስጥ ዲስኩን ከጉዳት ይጠብቃል።

የዳታ ፍጆታ

ኦንላይን መጫወት ራሱ ብዙ ዳታ አይበላም፤ አብዛኞቹ ጨዋታዎች በሰዓት ከ200 ሜጋባይት በታች ይጠቀማሉ። ጥቅሉን የሚጨርሰው አፕዴት ነው። የአንድ ትልቅ ጨዋታ አፕዴት በአስር ጊጋባይቶች የሚቆጠር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሆትስፖት የሚጠቀም ሰው በራሱ የሚወርደውን አፕዴት መዝጋት አለበት። የፕሌይስቴሽን 4 ሲስተም ሶፍትዌር ከኩባንያው ድረ ገጽ ሌላ ቦታ በኮምፒዩተር ወርዶ በፍላሽ ሊጫን ይችላል። ፍላሹ በፋት32 ወይም በኤክስፋት ፎርማት መሆን፣ የፎልደሩና የፋይሉ ስምም ኩባንያው በሚሰጠው መመሪያ እንደተጻፈው በላቲን ትልልቅ ፊደላት መጻፍ አለበት። የጨዋታዎቹ አፕዴት ግን በኮንሶሉ በኩል ብቻ ስለሚወርድ ጥቅሉ ሰፊና ማማው ያልተጨናነቀ በሚሆንበት ሰዓት ማድረግ ይመረጣል።