ስም ያለበት ብራና

ከመገናኛ ብዙም በማይርቀው ሾላ ገበያ ከቅቤውና ከቅመማ ቅመሙ ሌላ የባህል መድኃኒት ይሸጣል። ጥንጁቱ በእስር፣ ፌጦው በስፍር፣ ቀበርቾው እየተቆራረጠ፣ ጤና አዳሙ ከነፍሬው ይቀርባል። ቀበርቾ የምትገዛ ሴት ምን ልታደርግበት እንደሆነ የሚጠይቃት የለም፤ የአራስ ቤት የሚታጠነው፣ ክፉ መንፈስ የሚርቀው በዚያ ሥር ጭስ ነው ተብሎ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ነው። ሥሩ ግን ድሮ ብቻውን አልነበረም። ነፍሰ ጡሯንና አራሷን ጭሱ በአንድ ወገን ሲጠብቅ፣ በሌላው ወገን የሚጠብቃት በብራና የተጻፈ ክታብ ነበር፤ ሁለቱንም የሚያውቀውና የሚያዘው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው፣ ደብተራው፣ ነው። ዛሬ ሥሩ ሾላ ላይ መድኃኒት እንደሆነ ቀርቷል። ክታቡ ግን ቸርችል ጎዳና ካሉት የቅርሳ ቅርስ ሱቆች አንሥቶ እስከ ፓሪስና ኒውዮርክ ሙዚየሞች ድረስ «ጥንታዊ ሥነ ጥበብ» ተብሎ ይታያል። እዚህ ላይ የምከራከረው ለአንድ ነገር ነው። ክታብ ለባለቤቱ ዋጋ የሚሰጠው ዕድሜው አልነበረም፤ የሥዕሉ ውበትም አልነበረም፤ በቀይ ቀለም የተጻፈው የሰው ስም ነበር። ዕድሜውንና ሥዕሉን አስቀድሞ ስሙን የሚያስከትል ሰው፣ ነጋዴም ይሁን ተመራማሪ፣ በእጁ የያዘውን ነገር ገና አላወቀውም።

አሠራሩ ራሱ ይመሰክራል። ደብተራው የበሽተኛዋን የክርስትና ስም ከእናቷ ስም ጋር ቆጥሮ ኮከቧን ያወጣል፤ ሕመሙ ከየትኛው መንፈስ እንደመጣ የሚለየው፣ የሚታረደውንም በግ ወይም ፍየል የሚመርጠው በዚያ ነው። ቆዳው ይወጠራል፣ ጠጉሩና ስቡ ይፋቃል፣ ይደርቃል፤ ከዚያ በቀጭኑ ተቆርጦ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቁራጭ፣ ጫፍ ለጫፍ በጠፍር ይሰፋል። ርዝመቱ የሰውየው ወይም የሴትየዋ ቁመት ነው። ከራስ እስከ እግር ያለውን አካል በሙሉ መሸፈን ስላለበት አጭር ሰው አጭር ክታብ፣ ረጅም ሰው ረጅም ክታብ ይኖረዋል። ጽሑፉ በግእዝ ነው፤ አካሉ በጥቁር ቀለም፣ የየጸሎቱ መጀመሪያና የባለቤቱ ስም በቀይ። ሾተላይ፣ ዓይነ ጥላ፣ ባርያ፣ ለጌዎን፣ ቁርጥማት፣ ውጋት እየተባለ ሕመሙ በየስሙ ይጠራል፣ ስሙም በተጠራ ቁጥር የሴትዮዋ ስም አብሮ ይነሣል። አንድ ክታብ ላይ ወለተ ማርያም ወይም ወለተ ጊዮርጊስ የሚል ስም ደጋግሞ ማግኘት የተለመደ ነው። ሲያልቅ ይጠቀለልና በቆዳ ማኅደር ተሰፍቶ አንገት ላይ ይንጠለጠላል፤ ወይም ተዘርግቶ ከአልጋዋ ትይዩ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ጤነኛ ሆና ቤቷን ስታስተዳድር ማኅደሩ ልብሷ ውስጥ ነው። ስትታመም ግን ተፈትቶ ዓይኗ እንዲያርፍበት ይደረጋል።

ዓይኗ የሚያርፍበት ደግሞ ፊት ነው። የውጭ ሰው ክታብን ከጭምብል ጋር እንዲያዛምድ የሚገፋፋውም ይኸው ይመስለኛል። ሰይፍ የመዘዙ መላእክት፣ ስምንት ጫፍ ባለው ኮከብ መካከል የተቀመጠ ፊት፣ ከመስመርና ከጠለፋ መሐል የሚያፈጥጡ ትላልቅ ዓይኖች አሉበት። ጠልሰም የሚባለው ይህ ነው። የሥዕሉን አሠራር ከደብተሮች አፍ የሰማው ፈረንሳዊው ዣክ መርሲዬ እንደሚያብራራው በሽተኛዋ ጠልሰሙን ስትመለከት በውስጧ ያለው መንፈስም በእሷ ዓይን ይመለከታል፤ ባየው ነገር ይደነግጣል፣ ይቃጠላል፣ ይሸሻል። ስለዚህ ሥዕሉ የተሣለው ለተመልካች አይደለም። ለጋኔን ነው፤ ያውም በአንዲት ሴት ዓይን ብቻ እንዲያየው። ይህን ሥዕል መስታወት ውስጥ አድርጎ ለአላፊ አግዳሚ ማሳየት ክፋት የለውም፤ ግን ያልተላከለትን ደብዳቤ ከፍቶ በእጅ ጽሑፉ ውበት እንደመደነቅ ያለ ነገር ነው።

ዕድሜ ብቻውን ዋጋ እንደማይሰጥ ከሩቅ አገር አንድ ምስክር ልጥራ። በኔፓል፣ ካትማንዱ ሸለቆ ውስጥ ባለችው ባክታፑር፣ ናቫ ዱርጋ ለሚባሉት አማልክት ጭፈራ የሚለበሱትን ጭምብሎች ቺትራካር የሚባሉ የሠዓሊ ወገኖች ከሸክላ አፈር፣ ከጨርቅና ከወረቀት በየዓመቱ እንደ አዲስ ይሠሯቸዋል። ዓመቱ ሲያልቅ ጭምብሎቹ እንደ ሙት ሰው ይቃጠላሉ፤ አመዱ ተቀምጦ ከሚቀጥለው ዓመት ጭምብል ጋር ይቦካል። እንግዲህ ሥርዓቱን ጠብቆ የኖረ የናቫ ዱርጋ ጭምብል ጥንታዊ ሊሆን አይችልም፤ አምላኩ ዘላለማዊ ነው፣ ፊቱ ግን የአንድ ዓመት ነው። በኔፓል ተራሮች ለትውልድ የሚተላለፉ የእንጨት ጭምብሎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ሁሉም በአንድ ሕግ አይታሰርም። የባክታፑሩ ነገር የሚያሳየን ግን የቅርሳ ቅርስ ነጋዴ «አሮጌ ነውና ውድ ነው» ሲል የሚጠቀምበት ሚዛን ከሥርዓቱ ሚዛን ጋር ፍጹም ተቃራኒ ሊሆን እንደሚችል ነው። ወደ አገራችን ስንመለስ የኮንሶው ዋካም ከዚህ አይርቅም። ጠላት ወይም አስፈሪ አውሬ ገድሎ ለሞተ ጀግና የሚቆም የእንጨት ምስል ነው። ከቆመበት ተነቅሎ ገበያ ላይ ሲወጣ የማን እንደሆነ የሚናገር ሰው አይከተለውም።

እዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይመጣል፤ ክታብ ጥንቆላ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን አትቀበለውም፣ እንግዲያው ትርጉሙን ትቶ ሥዕሉን ብቻ ማቆየቱ አይሻልም ወይ የሚል ነው። ተቃውሞው አሮጌ ነው፤ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አስማትንና ጥንቆላን አጥብቀው ተዋግተዋል። ይሁንና የተወገዘውን የሚጽፈው ማን ነበር ብለን ስንጠይቅ መልሱ ያው ዜማና ቅኔ የተማረው፣ በበዓል ቀን ማኅሌት የሚቆመው ደብተራ ነው። የጽሑፉ ይዘትም ከሌላ ዓለም የመጣ አይደለም። በእጅጉ የተለመደው ክፍል ልጁን የገደለችበትን ክፉ መንፈስ ወርዜልያን በፈረስ ተቀምጦ በጦር የሚወጋው የቅዱስ ሱስንዮስ ታሪክ ነው፤ ይኸው ፈረሰኛ በግብፅ ባዊት ገዳም ግድግዳ ላይ ከሺህ ዓመት በፊት ተሥሎ ተገኝቷል። ልጅ እየሞተባት የተጨነቀች እናት የጠየቀችውን ጸሎት ከጥንቆላው በመቀስ ቆርጦ መለየት ለሊቃውንቱም ቀላል አልነበረም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ነገር ለምን እንደተሠራ ማወቅ ማመን አይደለም። የማያምንበት ሰው እንዲያውም ሥዕሉ ውብ ስለሆነ ብቻ ይዤዋለሁ ከማለት የበለጠ ጥንቃቄ ይጠበቅበታል።

ክታብና ቅጠል የተለያዩበት ታሪክ ሩቅ አይደለም። በፈረንሳዊው ተመራማሪ በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር–ጅቡቲ የምርምር ጉዞ በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ ወራት ተቀመጠ፤ የአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳ ተነሥተው በቅጂ ተተክተው ወደ ፓሪስ የሄዱት ያን ጊዜ ነው፤ ከብዙ የብራና መጻሕፍት ጋር ክታቦችም ሄደዋል። እዚህ ላይ ለፍትሕ ሲባል ማንሣት ያለብኝ የጉዞው አባል የነበረችውን ደቦራ ሊፍሺትዝን ነው። ክታቦቹን እንደ ጌጥ ሳታይ አንብባ በ1940 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳተመች፤ በ1942 እ.ኤ.አ. ናዚዎች ወደ ኦሽዊትዝ አጋዟት፣ እዚያም ሞተች። ከጦርነቱ በኋላ ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲን በ1955 እ.ኤ.አ. የአስማት መፍቻ ጸሎቶችን፣ በ1968 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኢትዮጵያን መድኃኒትና ዕፀዋት የሚመለከት ሥራ አወጣ። አንድ ሰው ሁለቱንም ማጥናቱ ያጋጣሚ አይደለም፤ በደብተሮች መጽሐፈ መድኃኒት ላይ ሥሩና ጸሎቱ አብረው ስለተጻፉ አንዱን ሲከተል ሌላው ይመጣል። ቆየት ብሎ የመጣው ግን ሥዕሉን ብቻ የሚያወጣ ዘመን ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ፓሪስና ኒውዮርክ ላይ ትልልቅ የጠልሰም ዐውደ ርእዮች ተከፈቱ፤ እንደ ጌራና ጌዴዎን ያሉ ደብተሮች ጠልሰምን በወረቀት ሥለው በዓለም ታወቁ። ከዚያም በፊት እስክንድር ቦጎሲያንና ዘሪሁን የትምጌታ የክታብን ዓይንና መስመር ወደ ዘመናዊ ሥዕል አምጥተውታል። በእነዚህ ሠዓሊዎች ሥራ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ በራሳቸው ስም ሣሉ፣ በራሳቸው ስም ሸጡ። ቅሬታዬ በሱቁ ላይ ነው። ሱቁ ሥዕሉን ቆርጦ በፍሬም ሲሸጠው፣ ጽሑፉ ያለበትን የተረፈ ብራና ምን አደረገው?

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከራሳቸው ከክታቦቹ ይመጣል። አንዳንዱ ክታብ ላይ የመጀመሪያው ስም ተፍቆ በሌላ እጅ ሌላ ስም ተጽፎበታል፤ እናት ለልጅ፣ ምናልባትም ሻጭ ለገዢ አስተላልፎታል ማለት ነው። ሌላው ላይ ደግሞ የስሙ ቦታ ባዶ ተትቷል፤ ደብተራው አስቀድሞ ጽፎ ገዢ ሲመጣ ሊሞላው ማለት ነው። እንግዲህ ክታብ ያኔም ሸቀጥ ነበር፣ በቁመት ልክ ይሠራል የሚለውም ሁልጊዜ አይሠራም ሊባል ይችላል። ሁለቱንም እቀበላለሁ። ክታብ ሁልጊዜም በገንዘብ ወይም በእህል የሚገዛ ነገር ነበር፤ ደብተራውም ቢሆን በጽድቅ ብቻ አልኖረም። ይሁን እንጂ ማስረጃው የሚያጠናክረው የኔን ወገን ነው። ሁለተኛዋ ባለቤት ብራናው አሮጌ በመሆኑ ረክታ ብትቀመጥ ኖሮ መፋቅ ባላስፈለገ። ብራና ሲፋቅ ይሳሳል፣ ቀለም ይፈስሳል፣ መልኩም ይበላሻል፤ ያን ሁሉ ታግሣ ስሟን ያስጻፈችው ያለ ስሟ ክታቡ ለእሷ ምንም ስላልነበረ ነው። ባዶው ቦታም እንዲሁ ነው። ሁሉም ጸሎት ተጽፎ አልቆ፣ ሁሉም ፊት ተሥሎ አልቆ፣ ክታቡ ሥራ ያልጀመረው አንድ ቃል ስለጎደለው ነው። ዛሬ ቅርሳ ቅርስ ሻጩ የሚያደርገውን ብናስተያየው ልዩነቱ ይታያል፤ እሱ የሚፈልገው ስሙ ማንም ይሁን ማን የቆዳው መጥቆርና የሥዕሉ ድምቀት ነው። ለጎብኚ ተብለው የሚሠሩት አዳዲስ ክታቦችም በዚያ ሚዛን ተሠርተው በዚያ ሚዛን ይሸጣሉ።

ሙዚየሞችና ሰብሳቢዎች ባይኖሩ ኖሮ ክታቡም ይጠፋ ነበር የሚለውን ክርክር በግማሽ ልብ እቀበለዋለሁ። እስከ ዛሬ የተረፉት ክታቦች አብዛኞቹ ከ18ኛው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉ ናቸው፤ ገላ ላይ የሚኖር፣ ጭስና ላብ የሚጠጣ ብራና ከዚያ በላይ መዝለቁ ያዳግተዋል። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ክታቦችን ባያስቀምጥ ተማሪ የሚያይበት ቦታ ባልኖረ። ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ የሚከለክለው ሕግም ከአዋጅ ቁጥር 229/1958 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ዓ.ም. ተሻሽሎ ወጥቷል። ነገር ግን ሕጉ የሚጠብቀው ዕቃውን ነው። ክታቡ ከማን ቤት እንደወጣ፣ ለየትኛው ሕመም እንደተጻፈ፣ ከየትኛው ቅጠል ጋር እንደታዘዘ ካልተመዘገበ ዕቃው አዲስ አበባ ቢቀመጥም ፓሪስ ቢቀመጥም እኩል ድዳ ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የፈረንጅ ብቻ አለመሆኑን መናገር ይገባል፤ ክታቡን ከባላገር ገዝቶ ስሙን ሳያነብ ለሱቅ ያቀበለው የራሳችን ሰው ነው።

ነገሩ የተዘጋ አይደለም። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያን የብራና ጽሑፎች በፎቶግራፍ ሲያነሣ የቆየው ፕሮጀክት በውጭ አገር በግል እጅ ያሉ ብዙ ክታቦችን ቀርጿል፤ በመዝገቡም ላይ የባለቤቶቹ ስም እየተነበበ ይገባል። ከእነዚህ ስሞች አብዛኞቹ የሴቶች ናቸው። ዜና መዋዕል ያልጻፈላቸው፣ የጉልት መዝገብ እምብዛም የማያነሣቸው የገጠር ሴቶች የክርስትና ስማቸውን በቀይ ቀለም፣ ከሚፈሩት በሽታ ጋር ትተውልናል። ሾተላይ ያሳሰባትን ከቁርጥማት ከተሠቃየችው መለየት፣ የተፋቀውን ስም በልዩ ብርሃን ከሥር ማንበብ፣ የተቆራረጠ ብራና በሁለት አገር ቢገኝ በስሙ ማገናኘት ይቻላል። ለጊዜው ግን የብዙ ሙዚየም መግለጫ ካርድ የሚጀምረው በሰብሳቢው ስምና በተገዛበት ዓመት ነው፤ የባለቤቷ ስም ካለም ከስፋቱና ከርዝመቱ ቀጥሎ፣ ከካርዱ ግርጌ ነው የሚገኘው።