ዝም ያለ በገናን መልሶ ስለ መቃኘት

በገና በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የምስጋናና የተመስጦ መሣሪያ ሆኖ የኖረ ስለ መሆኑ ለማኅበራችን አባላት ማስረዳት አያሻም። በዚህ ዓመት መጽሔት ላይ እንድጽፍ የተጠየቅሁት ብዙ ዘመን ተረስቶ የቆየ በገና እንደ ገና እንዲደረደር ለማድረግ ምን እንደሚያስፈልግ ነው። ነገሩ የእጅ ሥራ ቢመስልም ከታሪኩ ተለይቶ ሊታይ አይችልምና፣ በአጭሩም ቢሆን ከታሪኩ እነሣለሁ።

በገና ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ከኢየሩሳሌም እንደ መጣ በትውፊት ይነገራል። በሥዕል ረገድ ስንመለከተው ደግሞ በ15ኛው መቶ ዓመት በተዘጋጁ የብራና መጻሕፍት ላይ ንጉሥ ዳዊት ይህንኑ መሣሪያ ታቅፎ ሲደረድር እናገኘዋለን። ማሲንቆ የአዝማሪ እንጀራ ሲሆን፣ በገና ግን የመኳንንትና የካህናት ቤት ዕቃ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱም ጥሩ ደርዳሪ እንደ ነበሩ ይነገርላቸዋል። ይህ ክብሩ ድካሙም ነበር ብዬ አምናለሁ። በገበያና በሠርግ የማይውል መሣሪያ ዕድሜው ከቤቱ ዕድሜ ጋር የታሰረ ነው። ባለቤቱ ሲሞት ወይም ቤቱ ሲፈታ ከግድግዳው ወርዶ ጎተራ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው የለም።

የበገና ትምህርት ከቤት ወጥቶ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ቦታ ያገኘው ዘግይቶ ነው። ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል እግር ሥር የተማሩት አቶ ዓለሙ አጋ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለጥቂት ዓመታት አስተምረዋል። ብዙም ሳይቆይ ግን የ1967 ዓ.ም. ለውጥ መጣ። በደርግ ዘመን የበገና ድምፅ ከሬዲዮ ታገደ፣ ትምህርቱም ተቋረጠ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ከተለወጠ በኋላ መሣሪያው እንደ ገና መሰማት ጀመረ፤ የአቶ ዓለሙ ድርደራም «ኢትዮጲክስ» በተባለው ስብስብ 11ኛ ሆኖ በውጭ አገር ታተመ። ዛሬ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ በገና የሚማሩ ወጣቶችን ማየት የተለመደ ነው። እነዚህ ወጣቶች የሚደረድሩት በአብዛኛው አዲስ የተሠራውን ነው። አሮጌው ያለው ወይ በቤተ መዘክር መስታወት ውስጥ፣ ወይ በጎተራ ነው።

አሮጌ በገና እጃችን ሲገባ በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት ድምፁ ከየት እንደሚወጣ ነው። ገበቴው ብዙውን ጊዜ ከዋንዛ ተፈልፍሎ ጥሬ ቆዳ በእርጥቡ ይወጠርበታል፤ ሁለቱ ምሰሶዎች ቀንበሩን ይሸከማሉ፤ ዐሥሩ አውታሮች ከበግ አንጀት ታጥበው፣ ስባቸው ተፍቆ፣ ተገምደውና ደርቀው በቀንበሩ ላይ ይጠመጠማሉ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ በገናው ገና በገና አይደለም። ያ እንደ ንብ መንጋ የሚያጉረመርመው ንዝረት የሚወለደው እንዚራ ከምትባል ከትንሽ የቆዳ ቁራጭ ነው። እንዚራዋ በአውታሩና በጠፍጣፋው በርኩማ መካከል ትገባለች፤ አውታሩ ሲመታ በርኩማውን እየነካ እየተወው ይርገበገባል። ቦታዋ በጥቂት ሚሊሜትር ከተዛነፈ አውታሩ ይደነቁራል። የህንዱ ታንፑራም በዚሁ ቦታ በጥጥ ክር ይህንኑ የመሰለ ንዝረት ያወጣል፤ የሁለት አገር እጅ አንድ ብልሃት ማግኘቱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ ከአያቱ ጎተራ የወጣ በገና አመጣልኝ። ከዐሥሩ አውታሮች የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ እንዚራ ግን አንድም አልቀረለትም። የገበቴው ቆዳ በታችኛው ጠርዝ ተቀዷል። ከእኔ በፊት ሊጠግነው የሞከረ ሰው ቆዳውን በምስማር መትቶት ኖሮ፣ ዋንዛው በምስማሮቹ መስመር ተሰንጥቋል። እውነቱን ለመናገር፣ የመጀመሪያ ሐሳቤ አሮጌውን ቆዳ ገፍፌ አዲስ መወጠር ነበር። በብርሃን ሳገላብጠው ግን በቆዳው ላይ የደርዳሪው እጅ ሲያርፍበት የኖረ ጥቁር ወዝ አየሁ። በቀንበሩም ላይ አውታሮቹ የተጠመጠሙባቸው ዐሥር ቀለበቶች፣ በበርኩማው ላይ የእንዚራዎቹ አሻራ ይታያሉ። ሽማግሌው አውታሮቻቸውን እንዴት ያራርቁ እንደ ነበር የሚነግረን ሌላ ጽሑፍ የለም። ስለዚህ ቆዳው እንዲቆይ ወሰንሁ፤ ምስማሮቹን ነቅዬ፣ ስንጥቁን በሙጫ ገጥሜ፣ የተቀደደውን ከውስጥ በስስ ቆዳ ደገፍሁት።

የወዳጄ እናት የአባታቸውን በገና ዐቢይ ጾም ሳይወጣ መስማት ይፈልጉ ነበርና፣ ቸኩዬ በናይለን አውታር ወጥሬ አሰማኋቸው። ጥቂት አድምጠው፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ክራር ነው። የአባቴ ድምፅ ካልሆነማ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ። ናይለን አይበሰብስም፣ እርጥበትም እንደ አንጀት አይፈታተነው፤ ዛሬ ብዙ ደርዳሪዎች የሚጠቀሙበት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እንዚራው በትክክል ከተበጀለትም መልካም ድምፅ ያወጣል። እኔ ግን እንዚራዎቹን በጥድፊያ ነበር የቆረጥኋቸው፤ ጥፋቱ የናይለኑ ብቻ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሁለት ወር ፈጀ፤ ጾሙም አለፈ። አንጀቱን ከሥጋ ሻጭ ገዝቼ ስገምድ ሦስቴ ተበጠሰብኝ። አዲስ የአንጀት አውታር ለብዙ ቀን እየተሳበ ይረግባል፤ ጠዋት በትዝታ ቅኝት የተወው በገና ማታ ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። እንዚራዎቹን በበርኩማው ላይ ከነበሩት አሻራዎች ጋር እያስተያየሁ አንድ በአንድ አስቀመጥሁ። ቆዳው አሮጌ በመሆኑም አውታሮቹን ከተለመደው ዝቅ አድርጌ ቃኘሁ፤ ከዚያ በላይ ቢሳብ የደገፍሁት ይቀደድ ነበር።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከቤተ መዘክር ባለሙያዎች ጋር እንደምከራከር አልሸሽግም። አሮጌ መሣሪያ በተወጠረ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል የሚሉት ትክክል ነው። በዩኒቨርሲቲው በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ውስጥ ያሉትን ማንም አውታር ይወጥርባቸው አልልም፤ እነርሱ ልክና ቅርጽ የሚወሰድባቸው ምስክሮች ናቸው። በሰው ቤት ያለው በገና ግን ወራሽ ያለው ዕቃ ነው። የሚጠግነው ሰው ያደረገውን ሁሉ ጽፎ፣ ያወጣውንም ምስማር ሳይጥል አብሮ ቢያስቀምጥ፣ ለሚቀጥለው ጠጋኝ መንገድ ይተዋል። እኔ ምስማሮቹን በጨርቅ ቋጥሬ ለቤተ ሰቡ ሰጥቻለሁ።

እናትዬዋ ለሁለተኛ ጊዜ ሲያደምጡ ክራር ነው አላሉም፤ ነጠላቸውን አጣፍተው እስኪያበቃ ድረስ ቆመው ሰሙ። ስምንተኛው አውታር ግን እስከ ዛሬ ንዝረቱ ይቋረጣል፤ በርኩማው በዚያ በኩል ተበልቷል። አዲስ በርኩማ ይሠራለት ወይስ አሮጌው ይቆይ በሚለው ላይ ከወዳጄ ጋር ገና አልተስማማንም።