ኬፕታውንን የመታችው ትንሽ ጀልባና የምጽዋ ውድቀት

እዚህ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል የምንኖር የአገር ልጆች ስለ ባሕር በር ስንከራከር ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ከ1983 ዓ.ም. ወደ ኋላ አይሄድም። የ1933ቱ የድል ታሪካችንም ቢሆን ከኦሜድላ ተነስቶ በጎጃም አድርጎ አዲስ አበባ ይገባል እንጂ ወደ ቀይ ባሕር ጎራ አይልም። ዛሬ ግን አንዲት ትንሽ የጣልያን ጀልባ ወደዚያው ትውሰደን።

ጣልያን በሰኔ 1932 ዓ.ም. ጦርነቱን ስትገባ ምጽዋ ውስጥ ከአጥፊ መርከቦቿና ከሰርጓጆቿ ጋር አምስት የቶርፔዶ ጀልባዎች ነበሯት። እነዚህ «ማስ» የሚባሉ ጀልባዎች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የቀሩ፣ ሞተራቸው ያረጀ ነበሩ። የስዊዝ ቦይ በእንግሊዝ እጅ ስለነበረ ነዳጅም ሆነ መለዋወጫ ከሮም ሊደርሳቸው አልቻለም።

በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ከረን፣ ቀጥሎም አስመራ በእንግሊዞች እጅ ወደቀ። የምጽዋ ትልልቅ አጥፊ መርከቦች ፖርት ሱዳንን ለመምታት ወጥተው በዚያው ቀሩ። መጋቢት ሊያልቅ ሲል ግን «ማስ 213» ኬፕታውን የተባለችውን ከ4,000 ቶን በላይ የምትመዝን የእንግሊዝ ክሩዘር በቶርፔዶ መታች። ኬፕታውን አልሰጠመችም፤ ተጎትታ ፖርት ሱዳን ገባች።

ለመሆኑ ይህ ድል ለጣልያን ምን ፈየደ? ምንም! መጋቢት 30 ቀን ምጽዋ እጇን ሰጠች፤ ጀልባዎቹንም ባለቤቶቻቸው ራሳቸው አሰጠሟቸው። የመርከበኞቹ ድፍረት የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ምጽዋ የተሸነፈችው በባሕር ሳይሆን በከረን ተራራ ላይ ነው። ከረንን የሰበሩት የሕንድና የእንግሊዝ ወታደሮች ናቸው። በዚያው ሰሞን በጎጃም የነበረውን የጠላት ጦር አርበኞቻችን ጠፍረው ስለያዙት ለከረን ሊደርስላት አልቻለም። በሳንጃና በአሮጌ ጠመንጃ የተዋጋ ባላገር በማያውቀው ባሕር ላይ ድርሻ ነበረው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ውጤቱም ከአገራችን አልፎ ሄዷል። ምጽዋ በወደቀች በቀናት ውስጥ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቀይ ባሕርን ከጦርነት ቀጠና ዝርዝር አወጡት። ገና ጦርነቱን ያልገባችው የአሜሪካ መርከቦችም ዕቃ ጭነው እስከ ስዊዝ መሄድ ቻሉ። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ከዚህ በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን ነው።

እንግዲህ ወደብ በር ነው፤ በር ደግሞ ያለ ቤቱ ብቻውን አይቆምም። ጣልያን መርከብም፣ ቶርፔዶም፣ ደፋር መርከበኛም ነበራት፤ ያልነበራት ከወደቡ ጀርባ ያለው ሕዝብ ልብ ነው። ስለ ባሕር ስንከራከር የካርታውን ጠርዝ ብቻ ሳይሆን ወደዚያ የሚወስደውን መንገድና በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚኖረውን ሰው አብረን ብናይ መልካም ነው።

ቸር ይግጠመን።