ሃይያ፦ የሱዳን ምሥራቅ ሐዲዶች መገናኛ

በሐጅ ዩሱፍ ከኖርነው ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን ሱዳን የገባነው በመተማና በገዳሪፍ በኩል ነው። ገዳሪፍ ያን ያህል ሰው የሳበችው ለምን እንደሆነ ግን ለልጆቻችን አጫውተናቸው አናውቅም። የዚህ ታሪክ አንዱ መነሻ ሃይያ የምትባል ትንሽ የባቡር ጣቢያ ናት። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሃይያ ከፖርት ሱዳን ወደ 200 ኪሎ ሜትር ገባ ብላ፣ ከቀይ ባሕር ተራሮች ባሻገር በቤጃዎች አገር ትገኛለች። ከአትባራ ወደ ባሕር የሚወስደው ዋና መስመር በ1906 ሲመረቅ ባቡሩ በዚሁ በረሃ ያልፍ ጀመር። በኋላ የጋሽን ጥጥ ለማውጣት ከሃይያ ወደ ደቡብ ቅርንጫፍ ተዘረጋ። ቅርንጫፉ በ1924 ከሰላ፣ በ1928 ገዳሪፍ ደረሰ፤ በ1929 ሰናር ላይ ከካርቱም ከሚመጣው መስመር ጋር ገጠመ። ከዚያ ወዲህ የምሥራቁ እህልና ጥጥ ካርቱምን ሳይረግጥ ወደብ ይደርስ ጀመር።

የእኛ የድሮው ባቡር ከለገሐር ተነሥቶ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ጅቡቲ ሲገባ ቅርንጫፍ አልነበረውም። ስለዚህ አንዲት የመገናኛ ጣቢያ ለአንድ አገር ምን እንደምታደርግ በቅርብ ያየነው በሱዳን ነው።

ጣልያን ሐምሌ 4 ቀን 1940 ከሰላን ሲይዝ ይህ ቅርንጫፍ መሀሉ ላይ ተቆረጠ። የእንግሊዝና የሕንድ ወታደሮች ጥር 19 ቀን 1941 ከሰላን መልሰው ያዙና ወደ አቆርዳትና ከረን ገሰገሱ። በማግስቱ ጃንሆይ በኦሜድላ በኩል የአገራቸውን መሬት ረገጡ።

በ1940ዎቹ አጋማሽ በገዳሪፍ ዙሪያ የትራክተር እርሻ ተጀመረ። የማሽላውና የሰሊጡ እርሻ እየሰፋ ሲሄድ ለአረምና ለአጨዳ ብዙ ጉልበት ፈለገ፤ የወገኖቻችንም እግር ወደዚያው አቀና። እንግዲህ ሐዲዱ ገበያ ከፈተ፣ ገበያው እርሻውን አሰፋ፣ እርሻው ሠራተኛ ጠራ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በጦርነትና በረሃብ የተሰደደውም ሕዝብ ይህንኑ የታወቀ መንገድ ተከትሎ መጣ።

በ1980 ከፖርት ሱዳን በከሰላና በገዳሪፍ አድርጎ ካርቱም የሚገባው አስፋልት ሲያልቅ የባቡሩ ሥራ እየቀነሰ ሄደ። የብዙዎቻችን ጉዞ በሎሪና በአውቶቡስ ሆነ፤ መንገዱ ግን ያው ሐዲዱ ያቀናው የገዳሪፍ መንገድ ነበር።

ሚያዝያ 2023 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ከመካከላችን ብዙዎች ከሐጅ ዩሱፍ ወጥተው በዚያው በገዳሪፍና በመተማ ወደ አገር ቤት ተመለሱ። ሌሎችም ወደ ሌላ አገር ተበተኑ። ቤትና ንብረት ጥለን ብንወጣም የመጣንበትን ታሪክ ጥለን መውጣት የለብንም። ወላጆች በየት በየት አልፈው እንደመጡ፣ ማን እንዳስጠጋቸው፣ ምን ሠርተው እንዳደሩ ለልጆቻቸው እንዲነግሩልን፣ የሚችሉም በጽሑፍ እንዲያኖሩልን በዚህ የኢዮቤልዩ በዓል አደራ እንላለን።