ኮረኮንች

አስፋልት ያልለበሰውን መንገድ ሁሉ ኮረኮንች ማለት ለምደናል። ልዩነት ግን አለው። ጥርጊያ ቁጥቋጦው ተመንጥሮ አፈሩ የተደለደለበት ነው። ጠጠር መንገድ ገረጋንቲ ፈስሶበት በሮለር የተጠቀጠቀ ነው። ኮረኮንች የሚሆነው ጎርፍና ጎማ ደቃቁን ጠርገው ድንጋዩ ሲያገጥጥ ነው።

ብስክሌት የሚነዳ ሰው ይህን ልዩነት በመዳፉ ይለየዋል። ለምሳሌ አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ዙሪያዋ ወጣ ገባ ነው፣ ወደ ኩርሙክ ሲሄዱ ደግሞ ቆላው ይቀርባል። ከዋናው መንገድ ተገንጥለው በማንጎና በቀርከሃ መካከል ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሚገቡት ቀያይ መንገዶች፣ በጋ ላይ ልቅ ጠጠር የፊት ጎማን ያንሸራትታል። ክረምት ላይ ጭቃው ጎማና ሹካው መካከል ተሰግስጎ ብስክሌቱን ያስቆማል፤ ያኔ እንጨት ፈልጎ መፋቅ ነው።

ለዚህ ዓይነት መንገድ የተሠራው፣ መሪው የታጠፈ፣ ጎማው 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነው ብስክሌት በውጭ ‹ግራቭል› ይባላል። የመጀመሪያው የግራቭል የዓለም ሻምፒዮና በ2022 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ተካሂዷል። እኔ ‹የጠጠር ብስክሌት› እለዋለሁ። ‹የፒስታ ብስክሌት› ያልን እንደሆነ ከጣሊያኖቹ ጋር አንግባባም፦ እኛ ፒስታ የምንለው አስፋልት አልባውን ነው፣ እነሱ ግን በብስክሌት ውድድር የቬሎድሮሙን ልሙጥ መም።