የደዌ መነሻ፤ ከሕዋስ እስከ ከተማ ቦይ

አንድ ድልድይ ሲደረመስ መሐንዲስ በቅድሚያ የሚጠይቀው ስንጥቁ ከየት እንደ ጀመረ ነው። «ድልድዩ በጠቅላላው ደከመ» ብሎ የሚያልፍ ባለሙያ አይገኝም። የሕክምና ሊቃውንት ግን ይህንኑ ጥያቄ ስለ ሰው አካል በትክክል ለመጠየቅ ብዙ ምዕተ ዓመታት ወስዶባቸዋል። ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ ደዌ ማለት ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት የተባሉት አራት ፈሳሾች ሚዛናቸው ሲዛባ የሚከሠት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ይህ እምነት እንዴት እንደ ፈረሰና በምን እንደ ተተካ መመርመር ለሐኪም ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። በታሪኩ ውስጥ የእኛም ሙያ ድርሻ አለበትና። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1665 እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ ስስ የቡሽ ቁራጭ በአጉሊ መነጽር ሲመለከት የማር እንጀራ የመሰሉ ጥቃቅን ክፍሎች አየና ትንንሽ ጓዳዎችን በሚያመለክት ቃል ሰየማቸው። ዛሬ ሴል ወይም ሕዋስ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። በ1838 ሽላይደን ዕፀዋት፣ በ1839 ደግሞ ሽቫን እንስሳት ከሕዋሳት የተገነቡ መሆናቸውን አስረዱ። ይሁን እንጂ ሁለቱም አዲስ ሕዋስ ቅርጽ ከሌለው ፈሳሽ ረግቶ ይፈጠራል ብለው ያምኑ ነበር። ሕዋስ የሚገኘው ከሌላ ሕዋስ መከፈል ብቻ መሆኑን ሮበርት ሬማክ በ1850ዎቹ መጀመሪያ ላይ አሳየ። ሐሳቡን በ1855 ያወጀው ግን ሩዶልፍ ቪርሾ ስለ ነበር ዝናው ለእርሱ ሆነ።

ቪርሾ በ1858 በበርሊን ለሐኪሞች ያሰማቸው ሃያ ንግግሮች በዚያው ዓመት በመጽሐፍ ታተሙ። ፍሬ ነገራቸው፣ ደዌ ከውጭ መጥቶ በአካል ላይ የሚቀመጥ ባዕድ ፍጡር ሳይሆን የሕዋሳት ሕይወት ከተለመደው ሥርዓት ሲወጣ የሚታይ ሁኔታ ነው የሚል ነበር። አካልን እያንዳንዱ ሕዋስ ዜጋ ከሆነበት መንግሥት ጋር አመሳስሎታል። ዛሬ ይህን በዝርዝር ማስረዳት ይቻላል። ወደ አንድ የአካል ክፍል የሚሄደው ደም ሲቋረጥ ሕዋሱ ኦክሲጅን ያጣል፤ የኃይል ምርቱም ይቀንሳል። በሽፋኑ ላይ ያለው ሶዲየምን ወደ ውጭ የሚገፋ ፓምፕ ይደክማል፤ ውሃ ይገባና ሕዋሱ ያብጣል። ደሙ በጊዜው ከተመለሰ ሕዋሱ ይድናል። ከተወሰነ ወሰን ካለፈ ግን ሽፋኑ ይቀደዳል፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለም። ከመለጠጥ ወሰኑ ያለፈ ብረት ወደ ቀድሞ ቅርጹ እንደማይመለስ ሁሉ ማለት ነው።

ይኸው ሰው ከአጉሊ መነጽሩ ቀና ብሎ የማየት ልማድም ነበረው። በ1848፣ ገና የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሳለ፣ የፕሩሲያ መንግሥት በላይኛው ሲሌዥያ የገባውን የታይፈስ ወረርሽኝ እንዲመረምር ላከው። ባቀረበው ዘገባ የወረርሽኙን ምክንያት በረኃብ፣ በመጥፎ መኖሪያና በአስተዳደር በደል ላይ አደረገ። መድኃኒቱም ትምህርት፣ ነጻነትና የኑሮ መሻሻል ነው አለ። በኋላም የበርሊን ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ከመሐንዲሱ ከጄምስ ሆብሬክት ጋር ለከተማይቱ የፍሳሽ ማስወገጃ ተሟገተ። ሥራው በ1873 ተጀመረ። በሆብሬክት ንድፍ ከተማይቱ በአሥራ ሁለት ክፍሎች ተከፈለች። ከየክፍሉ የሚሰበሰበው ፍሳሽ በፓምፕ እየተገፋ ከከተማ ውጭ ወዳሉ እርሻዎች ይሄድ ነበር።

ቪርሾ አልተሳሳተም ማለት አይቻልም። ኮኽ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን ባስታወቀ ጊዜ ግኝቱን በጥርጣሬ ተመለከተው። ሕዋሱን አጥብቆ ያየ ዓይን ሕዋሱን የሚያጠቃውን ለማየት ዘገየ። ዘመኑ ግን አልጠበቀውም። በ1892 ኮሌራ ሐምቡርግ ከተማ ገብቶ ከ8,000 በላይ ሰዎች ገደለ። ሐምቡርግ የኤልበን ወንዝ ውሃ ሳታጣራ ታድል ነበር። ጎረቤቷ አልቶና ግን ከዚያው ወንዝ የቀዳችውን በአሸዋ ታጣራ ስለ ነበር በአብዛኛው ተረፈች። ሁለቱን የለየው የአሸዋ ማጣሪያ ነበር።

የኮሌራ አሠራር ራሱ ሁለቱን ሙያዎች ያገናኛል። ሕንዳዊው ሳምቡ ናት ዴ በ1959 እንዳሳየው ባክቴሪያው የሚጎዳው በሚያመነጨው መርዝ ነው። መርዙ የአንጀት ሕዋሳት ጨውና ውሃ ያለ ማቋረጥ ወደ ውጭ እንዲያፈሱ ያደርጋል እንጂ ሕዋሳቱን አይገድላቸውም። ስኳርና ሶዲየም አብረው የሚገቡበት በር ሳይዘጋ ይቀራል። በውሃ የተበጠበጠ ጨውና ስኳር ሕይወት የሚያተርፈው በዚሁ በር አማካይነት ነው። ሐኪሙ በዚያ በር ገብቶ የታመመውን ያድናል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው የሚሻገርበትን መንገድ የሚዘጋው ግን ንጹሕ ውሃና በሚገባ የተሠራ ቦይ ነው።

እንግዲህ የቧንቧ መስመር የምንዘረጋና የፍሳሽ ቦይ የምንነድፍ ሰዎች፣ የሥራችን ውጤት የሚለካው በተቀበረው ቧንቧ ርዝመት ብቻ እንዳልሆነ ልንገነዘብ ይገባናል። አንድ የላላ መጋጠሚያ ፍሳሽን ከመጠጥ ውሃ ጋር ካደባለቀ፣ ስንጥቁ የሚጨርሰው በአንድ ሕፃን አንጀት ሕዋስ ላይ ነው። በንድፍ ጠረጴዛ ላይ ስንቀመጥ ይህን አንርሳ።